ስሕተቱን የደበቀ ፕሮግራም
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ማታ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የማኅበሩ የውይይት ክፍል ስለ ፈቀደልኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። የምናገርበት ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ፤ ለአንዳንዶቻችሁም ደረቅ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይኸውም በፐርል ቋንቋ የሚጻፉ የድረ ገጽ ሰርቨር ሞጁሎች ስሕተት በደረሰባቸው ጊዜ ስሕተቱን እንዴት መያዝና እንዴት መመዝገብ እንደሚገባቸው ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። በዚህ ነገር እኔ ራሴ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ጥፋቴም ሰውን ጎድቷል። ስለዚህ የምነግራችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ ሳይሆን አፍሬ የተማርሁትን ጭምር ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና እኔም ከሥሩ ልጀምር። ፐርል ላሪ ዎል የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ያወጣው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አፓቼ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የወጣ የድረ ገጽ ሰርቨር ነው፤ ሥራውም ከሩቅ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ተገቢውን ገጽ መላክ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱ የሚገናኙት ሲጂአይ በሚባለው መንገድ ነበር። በዚህ መንገድ አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አንድ የፐርል ፕሮግራም ይነሣል፤ መልሱን ይሰጣል፤ ወዲያውም ያበቃለታል። በ1996 ዓ.ም. ግን ሞድ ፐርል የሚባለው ሞጁል ብቅ አለ። ይህ ሞጁል የፐርልን ተርጓሚ በአፓቼ በራሱ ሆድ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ በፐርል የተጻፈው ሞጁል አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ እዚያው ተቀምጦ ብዙ ሺህ ጥያቄዎችን ያስተናግዳል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላስረዳ። የሲጂአይ ፕሮግራም እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ቢሳሳትም ማታ ሲሰናበት ስሕተቱ ከእርሱ ጋራ ይሄዳል። የሞድ ፐርል ሞጁል ግን እንደ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ለአንድ ባለጉዳይ ያወጣውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ረስቶ ቢተወው የሚቀጥለው ባለጉዳይ ያገኘዋል። ለሁሉ የሚታይ ተለዋዋጭ ውስጥ የቀረ እሴት፣ ያልተፈታ የፋይል ቁልፍ፣ ያልተዘጋ የዳታቤዝ ግንኙነት፤ ይህ ሁሉ ለሚቀጥለው ጥያቄ ይተርፋል። ስለዚህ በሞድ ፐርል ውስጥ የአንዱ ጥያቄ ስሕተት ለሌላው ጠያቂ ዕዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«ዛሬ ስለ ፐርል ማውራት ምን ይጠቅማል? ወጣቱ ሁሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሄዷል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ብዙዎች ሌላ ይመርጣሉ። ነገር ግን ተመርቀን ስንወጣ የሚጠብቀን ሥራ ሁልጊዜ አዲስ አይደለም። ሌሎች ጽፈውት የሄዱትን መጠበቅ ይደርሰናል። እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ የትምህርት ተቋም የድጋሚ ፈተና የሚፈልጉ ተማሪዎች ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት አንድ የቆየ የድረ ገጽ ፕሮግራም ነበር። የተጻፈው በፐርል ነው፤ የሚሠራውም በሞድ ፐርል ነው። የጻፉት ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄደዋል። እኔም «ትንሽ ፐርል አውቃለሁ» ስላልሁ ጥበቃው በእኔ ላይ ወደቀ።

ሥራውን እንደ ተረከብሁ ለማሻሻል ተነሣሁ። ተማሪው ስሙን ሲልክ ፕሮግራሙ አንድ ፋይል ከፍቶ ስሙን ከመጨረሻው ላይ ይጨምርና ፋይሉን ይዘጋል። ፋይሉ አልከፈት ካለ ስሕተቱን የሚናገር ቃል ጻፍሁ። ስሙ ሲጻፍና ፋይሉ ሲዘጋ ግን «ተሳካ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ፋይል መዝጋት ምን ችግር ሊያመጣ ይችላል ብዬ ነበር። ከዚህም በላይ ገጹ ተቋርጦ እንዳያሳፍረኝ በማለት ሥራውን ሁሉ ኢቫል በሚባለው የፐርል አጥር ውስጥ አስገባሁት፤ ስሕተት ቢነሣም ከአጥሩ ሳይወጣ ይቀራል። ፕሮግራሙ የሚሠራውን በየደረጃው ለማየትም የመዝገቡን ደረጃ ወደ ዝቅተኛው፤ ማለት ዲበግ ወደሚባለው አወረድሁትና በዚያው ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ «እዚህ ደረስሁ፤ እዚያ አለፍሁ» እያለ ሌት ተቀን ሲጽፍ ሰነበተ። መዝገቡ አደገ፤ አደገና የምዝገባው ፋይል የሚገኝበትን ያንኑ ዲስክ ሞላው። ዲስኩ ከሞላ በኋላም ገጹ እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር። ተማሪው ስሙን ይልካል፤ ገጹም «ምዝገባዎ ተፈጽሟል» ይለዋል። ስሙ ግን የትም አልተጻፈም።

በፈተናው ዕለት ከሠላሳ የሚበልጡ ተማሪዎች ከአዳራሹ በር ተመለሱ። ፈታኙ መምህር ዝርዝሩን ይዘዋል፤ ስማቸው ከዝርዝሩ የለም። አንዲት ተማሪ ወደ እኔ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ፤ ገጹን ፎቶ አንሥታ አስቀምጣዋለች። «ወንድሜ፤ ተፈጽሟል ያለኝ የእናንተ ማሽን አይደለም ወይ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ኋላ ነገሩ ተጣርቶ ለአብዛኞቹ ሌላ ቀን ተሰጣቸው። ከእነርሱ አንዱ ግን ከናካቴው የተከለከለ መስሎት በማግሥቱ በአውቶቡስ ወደ አገሩ ሄዶ ነበር። ተፈልጎ እስኪገኝ ጊዜው አለፈ፤ ትምህርቱም በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀረ።

የዚያን ዕለት ማታ የስሕተት መዝገቡን ከፈትሁት። «እዚህ ደረስሁ» የሚለው መሥመር ተቆጥሮ አያልቅም። መጨረሻው መሥመር በቃል መካከል ተቆርጧል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ዲስኩ መሙላቱን የሚናገር አንድ ቃል እንኳ አልነበረም፤ መዝገቡ ራሱ የሚጻፍበት ቦታ አጥቶ ነበርና። ብዙ ያወራ መዝገብ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዲዳ ሆነ።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ቀን ቢወድቅ ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። የመጀመሪያው ተማሪ «ገጹ አልሠራም» ብሎ ይጮኻል፤ እኛም ዲስኩን አጽድተን በአንድ ሰዓት እንመልሰዋለን። ጉዳቱን ያመጣው ውድቀቱ ሳይሆን ውድቀቱን መደበቁ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አያገኝም የሚባለው በሰው ብቻ ሳይሆን በማሽንም ይሠራል።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? በአራት ከፍዬ እናገራለሁ።

1ኛ፤ መጠየቅ ነው። በፐርል ፋይል መክፈትም፣ መጻፍም፣ መዝጋትም ተሳካ ወይም አልተሳካም የሚል መልስ አላቸው። መልሱን ግን የሚያገኘው የጠየቀ ብቻ ነው። በእኔ ጥፋት ላይ የመዝጋቱ ነገር ዋና ነበር። ፐርል የሚጻፈውን ወዲያው ወደ ዲስክ አይልከውም፤ በመካከል ባለ ማቆያ ያከማቸዋል። ስለዚህ ዲስኩ ሞልቶ ሳለ «ጻፍ» ሲባል «እሺ» ይላል፤ ውድቀቱ የሚታወቀው ማቆያው ሲራገፍ፤ ማለት ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ሲዘጋ ነው። መዝጋትን ያልጠየቀ ሰው «እሺ» የተባለውን ብቻ ሰምቶ ይሄዳል።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። በፐርል «ወይም» ለማለት ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ሁለት ቋሚ መሥመር፣ ሁለተኛው ኦር የሚለው ቃል ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ቋሚዎቹ መሥመሮች የሚጣበቁት አጠገባቸው ካለው ነገር ጋራ ነው። ያለ ቅንፍ «ይህን ፋይል ክፈት» ብለን ከስሙ ቀጥለን ሁለቱን ቋሚ መሥመሮችና ዳይ የሚለውን ትእዛዝ ብንጽፍ ፐርል «ፋይሉ ካልተከፈተ ሙት» ብሎ አይረዳም፤ «የፋይሉ ስም ባዶ ከሆነ ሙት» ብሎ ይረዳል እንጂ። ስሙ ባዶ ስላልሆነ ዳይ ከቶ አይደርስም። ዓይን ጥበቃ ያለ ይመስለዋል፤ ጥበቃው ግን የለም። ኦር የሚለውን ቃል መጻፍ ከዚህ ያድናል።

2ኛ፤ መያዝ ነው። ዳይ ማለት «ከዚህ ማለፍ አልችልም» ብሎ ሥራን ማቋረጥ ነው። ኢቫል የሚባለው አጥር ደግሞ ያን ጩኸት ይይዘዋል። የጩኸቱም ቃል የዶላርና የኧት ምልክት በተጻፈበት ልዩ ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ተለዋዋጭ ለሁሉ የጋራ ስለሆነ ሌላ ኢቫል መጥቶ ሊያጠፋው ይችላል፤ እንደ ተያዘ ወዲያው ወደ ራስ ተለዋዋጭ መገልበጥ ይገባል። ከፐርል 5.14 በፊት፤ ማለት ከ2011 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ዕትሞች አንድ ዕቃ ሲፈርስ በውስጡ የሚሠራ ኢቫል የስሕተቱን ቃል ሳይታወቅ ሊያጠፋ ይችል ነበር። በ2021 ዓ.ም. በወጣው በ5.34 ትራይና ካች የሚባሉት ቃላት ለሙከራ በቋንቋው ውስጥ ገብተዋል፤ በ2024 ዓ.ም. በ5.40 ደግሞ የሙከራነቱ ማስጠንቀቂያ ተነሥቶላቸዋል። በቆየ ዕትም ላይ የሚሠራ ሰው ግን በአጥሩ መጨረሻ ላይ 1 ቁጥርን ይጻፍ፤ አጥሩ 1 ካልመለሰ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ነገር ግን ከዘዴው ይልቅ ሕጉ ይበልጣል። ሕጉም ይህ ነው፦ ልትጠግነው የምትችለውን ስሕተት ያዝ፤ የማትችለውን ግን ወደ ላይ አሳልፍ። በሞድ ፐርል ውስጥ ማንም ያልያዘው ዳይ ሰርቨሩን አይገድለውም። አፓቼ ቃሉን በስሕተት መዝገብ ያስገባል፤ ለጠያቂውም 500 የሚል መልስ ይልካል፤ ሥራውንም ይቀጥላል። ስለዚህ እንደ እኔ ገጹ እንዳይቋረጥ ብሎ ሁሉንም ማፈን ከፍርሃት በቀር ምክንያት የለውም። ሞጁሉ ቋሚ ሠራተኛ ስለሆነ ግን ከመውደቁ በፊት የያዘውን ቁልፍ መፍታት፤ የጀመረውንም የዳታቤዝ ሥራ መመለስ አለበት።

3ኛ፤ መመዝገብ ነው። አፓቼ 8 ዋና ዋና የመዝገብ ደረጃዎች አሉት፤ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ኢመርጅ፣ አለርት፣ ክሪት፣ ኤረር፣ ዋርን፣ ኖቲስ፣ ኢንፎና ዲበግ ይባላሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አፓቼ 2.4 ከዲበግ በታች ሌሎች 8 የክትትል ደረጃዎች ጨምሯል፤ ለየሞጁሉም የተለየ ደረጃ ለመስጠት ያስችላል። እንግዲህ አንድ ሞጁል መመርመር ሲያስፈልገን የእርሱን ደረጃ ብቻ ዝቅ እናደርጋለን፤ ሥራው ሲያልቅ እንመልሰዋለን። ሁሉን ክፍት አድርጎ መርሳት ምን እንደሚያመጣ አይታችኋል።

ስለሚጻፈው ቃልም ልናገር። እኔ በየቦታው «አልሠራም» የሚል ቃል እጽፍ ነበር። ምን አልሠራም? ለማን? ለምን? አይታወቅም። መልካም የመዝገብ መሥመር እንደ መልካም ምስክር ነው፤ መቼ፣ የት፣ ምን ሲደረግ፣ በምን ምክንያት የሚለውን ይናገራል። «የምዝገባው ፋይል ሲዘጋ አልተሳካም፤ ምክንያቱ በዲስኩ ላይ ቦታ አለመኖሩ ነው» የሚል አንድ መሥመር ያን ተማሪ ከአውቶቡሱ ባወረደው ነበር። ምክንያቱን ፐርል ራሱ ያውቀዋል፤ የዶላርና የቃለ አጋኖ ምልክት በተጻፈበት ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦልናል፤ መገልበጥ ብቻ ነው። ዳይ ሲጻፍም ከመልእክቱ መጨረሻ አዲስ መሥመር የሚያስጀምረውን ምልክት ካልጨመርን ፐርል የፋይሉንና የመሥመሩን ቁጥር ከራሱ ይጨምርልናል። ዋርን የሚለው የፐርል ቃል ብቻውን ሰዓት አይጽፍም፤ በአፓቼ በራሱ የመዝገብ መንገድ የተላከ ቃል ግን ሰዓትና ደረጃ ይኖረዋል።

የማይጻፍም ነገር አለ። የሰው የይለፍ ቃል በመዝገብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ መዝገብን ብዙ ዓይን ያየዋልና። ተጠቃሚው የላከውንም ቃል እንዳለ መገልበጥ አደገኛ ነው፤ በውስጡ አዲስ መሥመር የሚያስጀምር ምልክት ቢኖር ያልተፈጸመ ነገር እንደ ተፈጸመ አድርጎ ሐሰተኛ መሥመር ሊያስገባ ይችላል። መዝገቡም ከመረጃው ጋራ በአንድ ዲስክ ላይ አይቀመጥ፤ በየጊዜውም ይቆረጥ። ለዚህ ሥራ ሮቴት ሎግስ የሚባል መሣሪያ ከአፓቼ ጋራ አብሮ ይመጣል።

4ኛ፤ ለተጠቃሚው መንገር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሰሚ እንዳለ አንርሳ። ጠባቂው ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ተማሪው ግን የሚፈልገው «ጉዳዬ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም? አሁንስ ምን ላድርግ?» የሚለውን ነው። የጠባቂውን ቃል ለተማሪው ማሳየት አይጠቅመውም፤ የሰርቨሩንም ውስጥ ለማያገባው ሰው መግለጥ ይሆናል። ሲጂአይ ካርፕ የሚባለው ሞጁል ስሕተቱን በገጹ ላይ የሚያሳይ መንገድ አለው፤ ይህ ለሠሪው በሙከራ ጊዜ መልካም ነው፤ ለሕዝብ በተከፈተ ገጽ ላይ ግን አይገባም። ለተማሪው በአማርኛ «ምዝገባዎ አልተፈጸመም፤ ስምዎ አልተጻፈም፤ ይህን ቁጥር ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይምጡ» ማለት ይበቃል። ቁጥሩንም ዩኒክ አይዲ የሚባለው የአፓቼ ሞጁል ለእያንዳንዱ ጥያቄ ይሰጣል፤ ያንኑ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ብንጽፈው የተማሪው አቤቱታና የመዝገቡ ምስክርነት ይገናኛሉ።

ከገጹ ጋራ የሚላከውም ቁጥር እውነተኛ ይሁን። በ4 የሚጀምር ቁጥር ጥፋቱ በጠያቂው በኩል ነው ማለት ነው፤ በ5 የሚጀምር ደግሞ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው ማለት ነው። ሥራው ሳይፈጸም 200 ብሎ መላክ ተፈጽሟል ብሎ መዋሸት ነው። የራሳችንን ጥፋት በ4 ጽፎ በባለጉዳዩ ላይ መጫንም ከዚህ አይሻልም።

አሁን አንድ ተቃውሞ ልመልስ። አንድ ጓደኛዬ «ይህን ሁሉ ስሕተት ብታሳይ ሥራህ የማይረባ ይመስላል» ብሎኛል። ይህ አስተሳሰብ በኮምፒዩተር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከበታች ያለው «ሁሉ በመልካም ሁኔታ ይገኛል» ብሎ ይጽፋል፤ ከበላይ ያለው አንብቦ ደስ ይለዋል፤ ባለጉዳዩ ግን በር ላይ ይቀራል። እኔም በፕሮግራሜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ስሕተትን መናገር ሥራን አያዋርድም። የሚያዋርደው ተፈጽሟል ብለን ሳይፈጸም ሲገኝ ነው።

ደግሞም ማንም የማያነበው መዝገብ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን መዝገቡን በየማለዳው የሚያይ ሰው በስሙ መታወቅ አለበት።

እኔ ያን ፕሮግራም አርሜዋለሁ። አሁን ፋይሉ ሲዘጋ ይጠይቃል፤ ከዘጋም በኋላ ፋይሉን እንደገና ከፍቶ ስሙ መኖሩን ሳያይ «ተፈጽሟል» አይልም። መዝገቡ በሌላ ዲስክ ላይ ነው፤ ማለዳ ማለዳም አነበዋለሁ። በዚህ ሳምንት እንኳ ሁለት ጊዜ ወድቆ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ የነገረኝ መዝገቡ ነው፤ ስሙ የጠፋ ተማሪም የለም። አንድ ዓመት ለቀረበት ጓደኛችን ግን ይህ ሁሉ አይመልስለትም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም ይቅር ብሎኛል። በመካከላችሁ ተቀምጦ እየሰማኝ ስለሆነ ይህን በፊቱ መናገሬ ግዴታዬ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትነን ሰው የሚታመንባቸውን ፕሮግራሞች እንጠብቃለን። ፐርልም ይሁን ሌላ፤ ስሕተት አይቀርም። ስሕተቱ ሲመጣ ግን የምንጠብቀው ማሽን ለጠባቂው ምክንያቱን፤ ለባለጉዳዩም እውነቱን የሚናገር እንዲሆን አድርገን እንጻፈው። መምህራኖቻችንም የፕሮግራም ፈተና ሲያርሙ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን ዲስኩ ቢሞላ ፕሮግራሙ ምን እንደሚል ጭምር እንዲጠይቁን በትሕትና እለምናለሁ።